የግራ አውራ ጣት

ካሚሳዋ መንደር፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1959

ሙናካታ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ተራራው ላይ ውርጭ ጀምሯል፤ እኛ ግን እስካሁን ቆመን እንሄዳለን። አንተም ያ ሳልህ እንደለቀቀህ ተስፋ አደርጋለሁ። መልስ ለመጻፍ ስምንት ቀን ስለቆየሁ ይቅርታ። የዘገየሁት ከተማ ወርጄ መመለስ ስለነበረብኝ ነው።

ፊልሙን እንዳላይ ለምነኸኛል። ባትለምነኝ ኖሮ አላየውም ነበር። ሰባ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ሳልገባ ኖሬያለሁ፤ ሳልገባ መሞትም አያቅተኝም ነበር። ነገር ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ መጨረሻ ስትጽፍልኝ አንድም ቀን "ይህን አያድርጉ" ብለኸኝ አታውቅም። ሰው በር ላይ ቆሞ "አትግባ" ካለ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ፊልሙ አንተ ከጻፍከው ልብ ወለድ የተሠራ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ከጋዜጣ ነው። መጽሐፉን አልላክህልኝም።

ስለ ባለቤቴ ስለ ሪኩ ለጠየቅኸው፣ ሆዷን ያማታል። ሐኪሙ ከጸደይ በፊት ትሞታለች ይላል። ለእሷ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ጎረቤታችን ኦቶራ አብራኝ ወረደች። ከኋላዬ ተቀምጣ ኦቾሎኒ ስትፈለፍል ቆየችና ተኩሱ ሲጀምር፣ "ጊሳቡሮ፣ ቆብህን አውልቅ እንጂ፤ ጦርነቱን እኮ ጋረድከን" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አወለቅኩት። ከዚያ በኋላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ፊልሙ ቀለም የለውም። አሁን ባለቀለም መጥቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይሄኛው ያለ ቀለም መሠራቱ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታየው የመቃብር ድንጋይ ግን ጂፕሰም ነው። ፊደሉን የጻፈበት ሰው መሮ ጨብጦ አያውቅም። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ፊደል ያስተማሩኝ ስማቸውን የጠረብኩላቸው ሙታን ናቸው። ስለዚህ በድንጋይ ላይ የተጻፈ ውሸት ቶሎ ይታየኛል። ይህን ለዳይሬክተሩ ንገረው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በፊልሙ ውስጥ ወታደሩ ሬሳ መሸከም ስለማይችል የሞቱትን ጓደኞቹን ጣት እየቆረጠ ያቃጥላል። አጥንቱን በየስማቸው በወረቀት ጠቅልሎ በምግብ ጣሳው ውስጥ ይይዛል፤ ለቤተሰቦቻቸው ሊያደርስ። ሁላችሁም ይህን ታደርጉ እንደነበር አውቃለሁ። ወንዝ ሲሻገር ግን ጣሳው ውሃ ይገባዋል፤ ስሞቹ ይታጠባሉ። ማዶ ተቀምጦ አጥንቶቹን ያያል፤ ከዚያ በግምት አዲስ ስም ይጽፍባቸዋል። በመጨረሻ አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ነጩን ጥቅል ይሰጣታል።

አንተም በ1946 ጸደይ ደጃፋችን ላይ እንደዚሁ ጎንበስ ብለህ ነበር።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በመቃብራችን ውስጥ ያለው አጥንት የልጄ የኢሳሙ ነው ወይስ አይደለም? ሪኩ ከልጇ ጎን ላርፍ ነው ብላ ነው ሕመሙን የቻለችው። ከማን ጎን እንደምትተኛ ማወቅ አለብኝ። "ነው" ወይም "አይደለም" ብለህ ጻፍ።

ሃጊዋራ ጊሳቡሮ


ቶኪዮ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1959

ለተከበሩ ለአባት ሃጊዋራ፣

ብርዱ እየበረታ ባለበት በዚህ ወቅት እርስዎም እናትም እንዴት ሰነበታችሁ? እናት መታመማቸውን አነበብኩ። እዚህ አንድ የማውቀው ጥሩ የሆድ ሐኪም አለ፤ ፈቃድዎ ከሆነ ዛሬውኑ አነጋግረዋለሁ። መጽሐፉን ሳልልክልዎ በመቅረቴ በጣም አዝናለሁ። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ፊልም ፊልም ነው፤ አባት። ዳይሬክተሩ ከልብ ወለዱ የፈለገውን ወስዶ ያልፈለገውን ትቷል። በወንዙ ትዕይንት ላይ ሦስት ቀን ተከራክረናል። እሱ ዝናብ ይኑር አለ፤ እኔ ያን ቀን ዝናብ አልነበረም አልኩት። ተዋናዩ ሰውነቱን ለማክሳት አንድ ወር ሙሉ ሾርባ ብቻ ጠጥቷል። የመቃብር ድንጋዩን በተመለከተ ያሉትን ነግሬዋለሁ፤ ፊቱ ቀላ፤ ይቅርታ ጠይቋል።

ያን ጊዜ እንደነገርኳችሁ የኢሳሙ የግራ አውራ ጣት ነው።

ለእናት ጥቂት የባሕር ሣር ልኬያለሁ። በሩዝ ውሃ ቢቀቅሉላቸው ለሆድ አይከብድም።

ሙናካታ ዩዞ


ካሚሳዋ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1959

ሙናካታ፣

የባሕር ሣሩን ሪኩ ወደደችው። ስለዚህ አልመለስኩትም። ሐኪሙን ተወው፤ ቶኪዮ ድረስ የምትጓዝበት አቅም የላትም።

የጠየቅሁህ አንዲት ቃል ነበር። አንተ ስለ ዳይሬክተሩና ስለ ሾርባ ጻፍክ። ቃሉን ስላልሰጠኸኝ ራሴ ሄጄ አየሁ።

መቃብሩን ከፈትኩት። መነኩሴው በበረዶው ላይ እየሮጠ መጥቶ ሙታን ያለ ጸሎት አይነኩም ብሎ ተቆጣ። ድንጋዩን የጠረብኩት እኔ ነኝ፣ መክፈቻውን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ አልኩት። ጸሎቱን እዚያው ቆሞ አደረሰ፤ እኔም የአጥንቱን ማሰሮ አወጣሁ።

አሥራ ሦስት ዓመት ያልከፈትኩት ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በመጀመሪያ ደረጃ ሰው በሁለት እጁ ያመጣልህን ነገር ፊቱ ላይ ፈትተህ አትመረምርም። ሁለተኛ፣ አንተ "የግራ አውራ ጣቱ ነው" አልክ። እኔ በዚያች ቃል አመንኩህ። ከአሥር ጣት መርጦ የግራ አውራ ጣት የሚያመጣ ሰው፣ ኢሳሙ ራሱ ካልነገረው በቀር ከየት ያውቃል?

ኢሳሙ አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ ድንጋይ ስንፈልጥ መሮውን ይዞልኝ ነበር። እጁን ከቦታው አንቀሳቀሰና መዶሻው አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሲድን እንደ ዝንጅብል ጠመመ፤ ጥፍሩም አልበቀለም። መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆች "ዝንጅብል" ብለው ይጠሩት ነበር፤ እሱም አቤት ይል ነበር።

በማሰሮው ውስጥ ያለው አጥንት ቀጥ ያለ ነው። ቀጭንም ነው። አውራ ጣት እንኳ አይደለም፤ ትንሿ ጣት ናት። አርባ ዓመት የአባቶችን አጥንት ከአሮጌ መቃብር ወደ አዲስ ሳሻግር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ አልሳሳትም።

ስለዚህ ፊልሙ ያሳየው እውነት ነው፤ አጥንቶቹ ተቀላቅለዋል። ጠማማው አጥንት ከሌላ ሰው ቤት አለ። አጥንት ያደረስክላቸውን ቤተሰቦች ስምና አድራሻ ላክልኝ። ባትልክልኝ ከክፍለ ጦራችሁ ማኅበር አገኘዋለሁ። አዲሱ ዓመት እንዳለፈ ተነስቼ በየቤታቸው እሄዳለሁ፤ ማሰሯቸውን አስከፍታለሁ፤ ጠማማውን ወስጄ ቀጥ ያለውን እሰጣለሁ። ሪኩ ከመሞቷ በፊት ልጇን አመጣላታለሁ። ሩቅ ነው፣ አርጅተሃል እንዳትለኝ። ኦቶራ ብላኛለች፤ አልሰማኋትም።

ጊሳቡሮ


ቶኪዮ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1959

ለአባት ሃጊዋራ፣

ሰላምታዬን ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። አይሂዱ። እባክዎ አይሂዱ። ሌሎቹ እናቶች ማሰሯቸውን ከከፈቱ የሚያገኙት የየልጃቸውን አጥንት ነው። አጥንቶቹ አልተቀላቀሉም። ስሞቹን የጻፍኩባቸውን ወረቀቶች በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ ስለነበር ወንዙ አልነካቸውም። ለአራቱም ቤት ያደረስኩት የየራሳቸውን ነው።

ውሸት የነገርኩት ለእናንተ ቤት ብቻ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የወንዙን ታሪክ የፈጠርኩት ሰው አጥንት ለደባለቀ ወታደር ያዝንለታል ብዬ ነው። ከእውነተኛው ይልቅ የቀለለውን ኃጢአት መርጬ ጻፍኩ።

የኢሳሙን ጣት አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱም ትቼው ስሄድ በሕይወት ነበር።

1945፣ ጁላይ፣ የሉዞን ደሴት ተራራ ላይ ነበርን። ከሰባት ሰው እኔና እሱ ብቻ ቀርተናል። እግሩ አብጦ መቆም አልቻለም፤ ትኩሳቱም አልወርድ አለ። ከአንድ የተተወ ጎጆ ውስጥ አስተኛሁት። ጠዋት ላይ ልሂድ ስነሳ የግራ እጁን ዘረጋልኝ።

"ይኸውልህ፣ ይሄን ቁረጥ" አለኝ። "አባቴ በዚህ ያውቀኛል። ሌላ ጣት ከወሰድክለት፣ ይሄ የልጄ አይደለም ብሎ ይመልስሃል።" ብሎም ሳቀ።

በሕይወት ያለ ሰው ጣት አልቆርጥም አልኩት።

"ታዲያ እስክሞት ቁጭ ብለህ ትጠብቀኛለህ?"

አልጠበቅኩትም። ወደ ታች ወርዷል የተባለው ክፍለ ጦራችን እየራቀ ነበር፤ የምበላውም አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁትና ወጣሁ። መቼ እንደሞተ አላውቅም። መንግሥት በላከላችሁ ወረቀት ላይ ያለው ቀን እኔ ትቼው የሄድኩበት ቀን ነው። ቀኑን ለጸሐፊዎቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በውጊያ ወደቀ ያልኩትም እኔ ነኝ።

በማሰሯችሁ ውስጥ ያለው ኮማኪ የሚባል ጓደኛችን ነው። ኢሳሙን ትቼው ከመሄዴ አሥር ቀን ቀድሞ ነው የሞተው። እናትም አባትም የሌለው፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ያደገ ልጅ ነበር። ትንሿን ጣቱን ይዤ መጣሁ እንጂ የምሰጠው ሰው አልነበረም።

እናንተ ቤት የመጣሁት እውነቱን ልነግራችሁ ነበር። ይህንን እንዲያምኑኝ አልጠይቅም። በሩን የከፈቱልኝ እናት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስናገር፣ ሌላ ቃል ሳልጨምር ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ባዶ እጃቸውን ማየት አልቻልኩም። ኮማኪን አኖርኩበት።

ሙናካታ ዩዞ


ካሚሳዋ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1959

ሙናካታ፣

አልሄድም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ቀስ ብዬ ስለማነብ አንድ ቀን ወሰደብኝ። ለሪኩ አላሳየኋትም። ከማን ነው ስትለኝ፣ ከሙናካታ፣ ሳሉ አልለቀቀውም አልኳት።

ባለፈው ደብዳቤዬ ኢሳሙ እጁን አንቀሳቀሰ ብዬ ጽፌልሃለሁ። ውሸት ነው። እጁ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየሁ፤ መዶሻው በእጄ እንዳለ ዘነጋሁ። ልጁ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ "እጅህን ለምን ታንቀሳቅሳለህ" ብዬ ጮህኩበት። በኋላም ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስናገር ኖርኩ። እሱም አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን እንኳ "አይደለም" አላለም። ወደ ጦር ሜዳ የሄደ ቀንም አላለም፤ እኔም አላልኩም።

አባቴ በዚህ ያውቀኛል አለ ብለህ ጻፍክልኝ።

ጣቱን ቆርጠህ ብታመጣ ኖሮ፣ በሕይወት ሳለ መቁረጥህን ያወቅሁ ዕለት አልምርህም ነበር። ባለመቁረጥህም አልምርህም። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ፍርዱን ከእኔ አትጠብቅ፤ እኔም ድንጋይ እየፈለጥኩ ሃያ ሦስት ዓመት ዋሽቻለሁ።

በሌላ ወረቀት የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መልስ። ስለ ወቅቱና ስለ አየሩ አትጻፍ።

ጊሳቡሮ


ቶኪዮ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1960

ለአባት ሃጊዋራ፣

እንዳዘዙኝ በተርታው እመልሳለሁ።

የተውኩለት የውሃ ኮዳ ሙሉ አልነበረም። ግማሽ ነበር። ሌላውን ግማሽ እኔ ይዤው ሄድኩ።

አዎ፣ ትቼለታለሁ። አንድ የእጅ ቦምብ ነበረን፤ ለታመመ ራሱን እንዲያጠፋበት የሚተወው እሱ ነበር። ከራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

ፍንዳታ አልሰማሁም። ወንዙ ይጮህ ነበር። ደግሞም ላለመስማት በፍጥነት እሄድ ነበር።

አልጠራኝም።

ጎጆው ጣሪያ ነበረው። አንዱ ጎን ፈርሷል። ፊቱን ወዳልፈረሰው ጎን አድርጌ ነበር ያስተኛሁት፤ እሱ ግን አዙረኝ ብሎኝ ሜዳውን እንዲያይ አዞርኩት።

ስለ እናቱ ተናግሯል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን አይደለም። ባቄላና ሩዝ ስትቀቅል ክዳኑን ቶሎ ትከፍተዋለች፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ይጠጥራል እያለ ያስቀን ነበር።

የኮማኪን ሙሉ ስም አላውቅም ነበር። ሠራዊት ውስጥ ሁላችንም በቤተሰብ ስም ብቻ ነበር የምንጠራራው። መልሴ የዘገየው ለዚህ ነው፤ ያደገበትን ቤተ መቅደስ ፈልጌ ጊፉ ድረስ ሄጄ ነበር። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ያስታውሱታል። ቶሜዞ ይባላል፤ ኮማኪ ቶሜዞ። ሲሞት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አጥንቱ የት እንዳለ ስነግራቸው "ታዲያ ሰው ቤት ነዋ ያለው" አሉ። ስለሱ የጠየቀ ሰው መጥቶ አያውቅም።

እናት እንዴት ናቸው? ይህን መጠየቅ የማይገባኝ ከሆነ አይመልሱልኝ።

ሙናካታ ዩዞ


ካሚሳዋ፣ ማርች 8 ቀን 1960

ሙናካታ፣

ሪኩ ፌብሩዋሪ 21 ቀን አረፈች። ያላስታወቅሁህ ትመጣለህ ብዬ ስለፈራሁ ነው። ያን ቀን ፊትህን ለማየት አልተዘጋጀሁም ነበር።

ነገርኳት። ያን ጊዜ ለመሞት አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቷት ነበር። ኦቶራ፣ እባክህ ተዋት፣ በሰላም ትሂድ ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን በውሸት ድንጋይ ስር ላስገባት አልፈለግኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ የመዶሻውንም። የመዶሻውን ስነግራት "እሱንማ ከዚያ ዕለት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቀጥል" አለችኝ።

ስለ ኮማኪም ነገርኳት። ከዚያ፣ "እንግዲህ በየበዓሉ መቃብሩ ላይ ያቀረብኩትን የበላው እሱ ነዋ" አለች።

እሱ ነው አልኳት።

"ይብላ። ማን አለው። ስሙን ጥረብለት፤ እንግዳ ሆኖ እንዳይቀመጥ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ኢሳሙንስ ማን አበላው?" አለች።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ውሃ ስሰጣት ጠጣችና እጄን ያዘችው።

ድንጋዩን ጨርሻለሁ። በሕይወት ላለ ሰው እንደሚደረገው በቀይ ተቀብቶ የነበረውን የስሟን ቀለም ፋቅሁት። ከሥሯ "ኮማኪ ቶሜዞ" ብዬ ጠረብኩ፤ ዕድሜውንም። ከኢሳሙ ስም በታች የነበረውን የሞቱን ቀን ግን ጠርቤ አጠፋሁት። የማላውቀውን ቀን ድንጋይ ላይ አልተውም። ቦታው ለስልሶ ባዶ ነው። መነኩሴው ይህ ያልተለመደ ነው አለኝ፤ እንግዲያው አንተ ቀኑን ንገረኝ አልኩት፤ ሄደ።

አሁን የጻፍኩልህን ምክንያት ልንገርህ። ሬሳው ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱ የሚለቀመው በሁለት ሰው ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ቆመው፣ እያንዳንዱን አጥንት ሁለቱም በቾፕስቲካቸው ይዘው አብረው ያነሱታል። ብቻውን ማንም አይለቅምም። ከሪኩ ወዲህ ቆምኩ። በወዲያ በኩል ልጇ ሊቆም ይገባ ነበር። ኦቶራ ቆመች። ሁለት ጊዜ አጥንቱ አመለጣት። ቀስ በይ አልኳት። ቤት ስመለስ ለሁለት ሰው የሚሆን ሩዝ ቀቅዬ ኖሯል።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እኔን የሚለቅሙኝ ሁለት ሰዎች ቆጥሬ አንድ ብቻ አገኘሁ። አድራሻህን ለኦቶራ ሰጥቻታለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ ቴሌግራም ትልክልሃለች። በወዲያ በኩል የምትቆመው አንተ ነህ። ይህ ይቅርታ አይደለም። ሥራ ነው።

ከባቡር ጣቢያው እስከ መንደሩ በእግር ሦስት ሰዓት ነው። አውቶቡሱ በበረዶ ጊዜ አይሠራም፤ ያኔ አራት ሰዓት ይፈጃል። ደህና ጫማ ግዛ።

ሃጊዋራ ጊሳቡሮ